ኮቪድ ለቀቀኝ፣ ትንፋሼ ግን አልተመለሰም፤ ኤክስሬዬ «ንጹህ ነው» ተባለ

የ4ኛ ፎቅ መምህርት (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 3

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሰው ማማከር አለብኝ።

41 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ክረምት ላይ ኮቪድ ያዘኝ። ተመርምሬ ፖዘቲቭ ነበርኩ፤ ሆስፒታል ተኝቼም ኦክስጅን ተደርጎልኛል። ከዚያ ተሻለሽ ተብዬ ወጣሁ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተመለሰ። ትንፋሼ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለንም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከታች በጀሪካን ማውጣት አለ። በፊት ባለ 20 ሊትሩን ይዤ እወጣ ነበር። አሁን ባዶ እጄን 2ኛው ፎቅ ላይ ስደርስ የደረጃውን ብረት ይዤ እቆማለሁ። የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አየር ያልቅብኛል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ማስረዳት ትቻለሁ፤ ወይ እጽፋለሁ ወይ እናገራለሁ።

ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። ኤክስሬይ ተነሳሁ፣ «ንጹህ ነው» አሉኝ። ጣቴ ላይ ያደረጉት የኦክስጅን መለኪያ 94 በመቶ አለ፣ «ጥሩ ነው» አሉኝ። አንደኛው ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ቫይታሚን ጻፈልኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ሐኪሙ እኮ ምንም የለብሽም ብሏል» ይለኛል። ክፋት የለውም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቆሜ የሚሰማኝን አውቃለሁ።

ኤክስሬይ ንጹህ ሆኖ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል? ምን ልመርመር? ይሻለኛል ወይ? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

የባህር ዛፍ ጥላ (ጉለሌ)፣ ኅዳር 3

እግዜር ይማርሽ እህቴ። በ2013 መላ ቤተሰባችን ተኝቶ ነበር። የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንታጠን ነበር። ደረት ይከፍታል። ጠዋት ጠዋት ፌጦ በማር ቅመሺ። ሐኪም ቤቱ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ጡረተኛው ሹፌር (አዳማ)፣ ኅዳር 3

ልጄ፣ አይዞሽ። 63 ዓመቴ ነው። በ2013 ሚሊኒየም አዳራሽ ተኝቼ ነው የወጣሁት። ኤግዚቢሽንና ኮንሰርት የማውቀው አዳራሽ አልጋ በአልጋ ሆኖ ሳየው የተሰማኝን አልረሳውም። አላህ አወጣኝ።

ከወጣሁ በኋላ ለወራት ከሱጁድ ስነሳ ዓይኔ ይጨልም ነበር። ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። መስጊዱ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም መንገድ ላይ ሱቅ ደጃፍ እየተቀመጥኩ ነበር የምደርሰው። ልጆቼ «ተነሣ፣ ተንቀሳቀስ» እያሉ ሲገፉኝ እሺ ብዬ እሄዳለሁ፤ በማግስቱ አልጋ ላይ እውላለሁ። ቀስ በቀስ ተሻለኝ። ከዓመት በላይ ወስዷል። አሁን ሳልቀመጥ እደርሳለሁ። ዳገት ግን ዛሬም ያስለከልከኛል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ኅዳር 4

ሰላም መምህርት። ሰው በጽሑፍ አይመረመርም፤ ግን ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አዎ፣ ኤክስሬይ ንጹህ ሆኖ ሳንባ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ኤክስሬይ የሳንባን መልክ ያሳያል፤ ሥራውን አይለካም። ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ኦክስጅን በዚያ አልፎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ኮቪድ የሳንባ ምች ሲያስከትል ግድግዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ጠባሳ ይቀርበታል። ዙሪያውን ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳሉ።

ቁጭ ስትዪ ደሙ ረጋ ብሎ ስለሚያልፍ ኦክስጅኑ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ደረጃ ስትወጪ ግን ልብ ይፈጥናል፣ ደሙ ከረጢቱን ቶሎ አልፎ ይሄዳል። ግድግዳው ከወፈረ ኦክስጅኑ አይደርስበትም። ቁጭ ብለሽ 94 ሆነሽ 2ኛው ፎቅ ላይ ብረት የምትይዢው በዚህ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ሌላም ምክንያት አለ፣ እመጣበታለሁ።

ስለ 94 አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ጤነኛ የአዲስ አበባ ሰው ጅቡቲ ከሚኖር ሰው ጥቂት ነጥብ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ 94 መሆንሽ ብቻውን መጥፎ አይደለም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ስትራመጂ የሚሆነውን ነው። ለዚህ የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ የሚባል ቀላል ምርመራ አለ። 30 ሜትር በሚሆን ኮሪደር ላይ በራስሽ ፍጥነት ትመላለሻለሽ፤ ከደከመሽ ትቆሚያለሽ። የሄድሽው ርቀት፣ ኦክስጅንሽና የልብ ምትሽ ይመዘገባል። ኦክስጅኑ ከመነሻው 3 ወይም 4 ነጥብ ከወረደ መመርመር ያለበት ነገር አለ ማለት ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ኮሪደርና ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ ይበቃል። እባክሽ ይህን ጠይቂ።

አሁን ወደ ሌላው ምክንያት። እኛ አገር ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው ሲመጣ ወዲያው ኮቪድ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። ሳል ካለሽና 2 ሳምንት ካለፈው አክታሽ ለቲቢ ይመርመር፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን ማለቴ ነው። ማታ ላብና ክብደት መቀነስ ካለማ ነገ ዛሬ አትበዪ። የደም ማነስ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የልብ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ልጅ ሆነው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ ጎድቶት አድገው የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ስኳርና እንቅርትም ይታዩ። እነዚህ ሁሉ በተራ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ናቸው።

እነሱ ከተጣሩ በኋላ ስፓይሮሜትሪ ይሠራልሽ። ሳንባሽ ምን ያህል አየር እንደሚይዝና በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ ይለካል። ከኮቪድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ግን ሌላ ነው፤ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የመሻገር አቅም። እሱን የሚለካው መሣሪያ በየቦታው አይገኝም፤ የሳንባ ስፔሻሊስት ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ያስፈልጋል። በጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶች እየሠለጠኑ ነው፤ ከበፊቱ ይሻላል። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው እነዚህ ምርመራዎች ጉድለት ካሳዩ ነው።

ይሻለኛል ወይ ላልሽው፦ ብዙ ሰው ይሻለዋል። የሳንባ አቅም በመጀመሪያው ዓመት ቀስ እያለ ይመለሳል። በጽኑ የታመሙት ላይ ይዘገያል፣ የተወሰነው ላይ ጠባሳው ይቀራል። ቻይና ዉሃን ከተማ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 1,192 ሰዎችን ተመራማሪዎች ለ2 ዓመት ተከታትለዋል። በ6ኛው ወር 68 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት ነበረባቸው፤ በ2ኛው ዓመት 55 በመቶ። ብቻሽን አይደለሽም፤ ያለምሽውም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ይህ ከኮቪድ በኋላ የሚቆይ ሕመም ምን እንደሆነ በይፋ ገልጿል፦ ከተያዙ 3 ወር ገደማ በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየና ሌላ በሽታ የማያስረዳው ምልክት።

አስቸኳይ ምልክቶችን ሁላችሁም ያዙልኝ። ድንገት የመጣ ኃይለኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ ደረት፣ ደም ያለበት አክታ፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ። ኮቪድ ደም ያረጋል፤ የረጋው ደም ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ መድረክ ላይ አትጻፉ። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ ወይም ታክሲ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

@የባህር ዛፍ ጥላ፦ እንፋሎቱ አክታ ያላላል፣ ለጊዜውም ያቀላል። የተጎዳውን ሳንባ ግን አይጠግንም። በፈላ ውሃ ተቃጥለው የሚመጡ ሕፃናት ስላየሁ ልጅ ካለበት ቤት አትሞክሩት እላለሁ። ፌጦው ላይ ክርክር የለኝም።

ፋርማሲስት ነኝ (ሐዋሳ)፣ ኅዳር 4

ዶክተር የተናገሩት ላይ አንድ ልጨምር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መጥቶ «ያን ጊዜ የተሰጠኝን ዴክሳ ስጠኝ» ወይም «ፕሬድኒሶሎን ስጠኝ» ይለኛል። ዴክሳሜታሶን ኮቪድ ላይ ሕይወት ማዳኑ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በእንግሊዝ ሙከራ ተረጋግጧል። ያዳነው ግን ኦክስጅን ላይ የነበሩትን ነው፤ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን አልጠቀመም። ከወራት በኋላ በራስ ትእዛዝ ሲወሰድ ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ሳንባው ውስጥ አሁንም ቁጣ እንዳለ በምርመራ ሲታይ ሐኪም ሊያዘው ይችላል። ያ ሌላ ነው።

ጎረቤቴ የነበረች ሴት ሳሏን ሰው ሁሉ «የኮቪድ ርዝራዥ ነው» ብሎ ለወራት አረጋጋት። ስትመረመር ቲቢ ሆነ። በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ተከታትላ ጨርሳ ድናለች። ሁለቱም በሽታ ሳንባ ላይ ስለሆነ በስሜት አይለይም።

የ4ኛ ፎቅ መምህርት፣ ኅዳር 4

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ሹፌሩ፣ የጻፉት ልቤን ነው ያሳረፈው፤ በተለይ የማግስቱ ነገር። እኔም እንዲሁ ነኝ። ቅዳሜ ደህና ነኝ ብዬ ቤት ካጸዳሁና ልብስ ካጠብኩ እሑድ እንደምንም እውላለሁ፤ ሰኞ ግን ሰውነቴ ተቀጥቅጦ ያደረ ነው የሚመስለኝ። ይህም ከሳንባ ነው?

ስፓይሮሜትሪው ምን ያደርጋል? ያማል? ሰው ይስቅብኛል ብዬ ብፈራም ጠየቅኩ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ኅዳር 5

አያምም፤ ያደክማል። አፍንጫሽን በመቆንጠጫ ይይዙታል። ሳንባሽ እስኪሞላ አየር ትስቢያለሽ፣ ከዚያ ቱቦው ውስጥ በሙሉ ኃይልሽ ትነፊያለሽ፤ አየሩ ሁሉ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ ለ6 ሰከንድ። ባለሙያው «ንፊ፣ ንፊ፣ አታቁሚ!» እያለ ይጮኻል፤ አትደንግጪ፣ ካልጮኸ ሰው ቶሎ ያቆማል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሲያስልሽ ወይም ሲያዞርሽ ንገሪውና ዕረፊ። ውጤቱ ከዕድሜሽ፣ ከቁመትሽና ከፆታሽ ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይወጣል። ቁመትሽን በትክክል ይለኩሽ፤ በግምት ከተጻፈ ውጤቱ ይዛባል።

የሰኞው ነገር ሁሉም ከሳንባ አይደለም። እሱን ለፊዚዮቴራፒስቷ እተዋለሁ፤ እዚህ እንዳለች አውቃለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 5

አለሁ። መምህርት፣ የጻፍሽው ነገር በደንብ ይታወቃል። ሰውነት ወይም አእምሮ ከሠራ በኋላ ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚመጣ መውደቅ ነው። ይህ ባለበት ሰው ላይ «ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ግፊው» የሚባለው ምክር ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕመምተኞች ያወጣው መመሪያም አቅምን መመጠን ይመክራል።

አቅምሽን እንደ ደሞዝ ያዢው። በ5ኛው ቀን የጨረሰ ሰው ወሩን በብድር ነው የሚገፋው። ቅዳሜ ሁሉንም ከምትሠሪ ማጠቡን ማክሰኞ፣ ማጽዳቱን ሐሙስ አድርጊው፤ ወለሉን ደግሞ ሌላ ሰው ይያዘው። ሽንኩርት ስትከትፊ ተቀመጪ። ገላሽን ስትታጠቢ ዱካ ላይ ተቀመጪ፤ ሙቅ ውሃና መቆም ሲደመሩ ብዙ ሰው ያዞራቸዋል። ለሁለት ሳምንት የሠራሽውንና የተሰማሽን ደብተር ላይ ጻፊ። የሚጥልሽ ነገር ራሱ ይታይሻል። ማስተማር ሥራሽ ስለሆነ ደብተሩ አይከብድሽም።

ደረጃው ላይ እንዲህ አድርጊ። ከመነሳትሽ በፊት አየር አትያዢ። ቆመሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እግርሽን ስታነሺ ከንፈርሽን እንደ ፉጨት አሹለሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። የምታወጪበት ጊዜ ከምትስቢበት እጥፍ ይሁን። በየፎቁ ቁሚ፤ ሲደክምሽ ሳይሆን ሳይደክምሽ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሳይደክማት የቆመች ቶሎ ትነሳለች፣ ደክሟት የቆመች ብረቱ ላይ ትቀራለች። ስትቆሚ ክንድሽን ብረቱ ላይ አስደግፈሽ ወደፊት ዘንበል በዪ። ትከሻ ሲያርፍ ደረት ይላቀቃል።

ጀሪካኑን ለጊዜው ተይው። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ከፈለግሽ ይህን ጽሑፍ አሳዪው።

ከሪያድ፣ ኅዳር 6

እህቶቼ፣ እኔ ያለሁት ሰው ቤት ነው። ኮቪድ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሳልሠራ ደህና ነኝ። መታጠቢያ ቤት ስገባና ክሎሮክስ ስጠቀም ግን ደረቴ ይዘጋል፣ እስከ ማታ ያስለኛል። ማዳም «አስም ይዞሽ ነው የመጣሽው» ትለኛለች። አገሬ እያለሁ አስም አልነበረብኝም። ማረፍ አልችልም። ምን ላድርግ?

ፊዚዮቴራፒስት (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 6

አይዞሽ እህቴ። ከኮቪድ በኋላ የአየር ቧንቧ ቁጡ ሊሆን ይችላል፤ ክሎር ደግሞ ጤነኛውንም ያስላል። ክሎሮክስን ከፍላሽ ወይም ከማንኛውም አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሰውም ገድሏል። መስኮት ከፍተሽ፣ ማራገቢያውን አብርተሽ፣ በብዙ ውሃ አቅጥነሽ ጨርቅ ላይ አድርጊው። አትርጪው፤ የተረጨው ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ካፈሰስሽ በኋላ ወጥተሽ ቆይተሽ ተመለሺ። ብዙ ቦታ ላይ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ኅዳር 6

ከሪያድ ለጻፍሽው፦ የሚነፋ መድኃኒት ሊረዳሽ የሚችል ዓይነት ነው የሚመስለው፤ ስፓይሮሜትሪ ያስፈልግሻል። ኢንሹራንስ ካለሽ ክሊኒክ ስትሄጂ «ስሠራ ደረቴ ይዘጋል፣ ክሎር ይብስብኛል» በዪ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አረብኛ በሚችል ሰው አስጽፈሽ ስልክሽ ላይ ያዢ።

እውነቱን እንነጋገር፣ ኅዳር 7

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አሁን ድካም ሁሉ በኮቪድ እየተሳበበ አይደለም ወይ? የኑሮው ጭንቀት ራሱ ሰው ይጥላል። የክትባቱ ጣጣ ነው የሚሉም አሉ። እህታችንን ማስፈራራት አይሁንብን ብዬ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ኅዳር 7

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅድም የጠቀስኳቸው የዉሃን ሰዎች ከሆስፒታል የወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ወራት ነው። ያኔ ለሕዝብ የደረሰ ክትባት አልነበረም። በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም የተከተቡ ሰዎች ላይ ይህ ችግር እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ጭንቀቱንም አልክድም፤ መተንፈስ ያቃተው ሰው ይጨነቃል። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ግን ልንገርህ። ከኮቪድ በኋላ ሲሠሩ በማግስቱ አቅም የሚያጡ 25 ሰዎችንና ጤነኛ 21 ሰዎችን ብስክሌት አስነዱ። ከዚያ በፊትና በኋላ ከጡንቻቸው ናሙና ወሰዱ። በታመሙት ጡንቻ ውስጥ ጉልበት የሚያመርተው የሴል ክፍል ሥራው ቀንሷል፤ ከስፖርቱ በኋላ የጡንቻው ጉዳት ባሰ። በማይክሮስኮፕ የታየ ነገር ነው። «ሰነፍ» የተባለች ሴት ሁሉ ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 8

አሜሪካ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ባህር ማዶ ላላችሁ ነው የምጽፈው። ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣ ጥናት፣ ደማቸው ተቀድቶ ሲመረመር ኦክስጅናቸው ዝቅ ያለ ሰዎችን መሣሪያው «ደህና» ብሎ የማለፍ ስሕተቱ ጥቁሮች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2021 አስጠንቅቋል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር አትመኑ፤ ቁጥሩ ከራሳችሁ ልማድ መውረድ አለመውረዱን እዩ። የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ የሌለበት ጣት ምረጡ። እጅ ከቀዘቀዘ አሙቁት። ቁጭ ብላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ለኩ።

ሐኪማችሁን «ፐልሞናሪ ፈንክሽን ቴስት እፈልጋለሁ» በሉት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቋንቋ ከከበዳችሁ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የደረት ሕመም በትክክል አይናገርም፤ ደግሞም ሸክም ነው። ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ሕመም በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሊሸፈን ይችላል ተብሏል። ፓርኪንግ ወይም መጋዘን የምትሠሩ ሰዎች የመቀመጫ ወይም የዕረፍት ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ቡና አስጠላኝ (ድሬዳዋ)፣ ኅዳር 8

ከሳንባ ወጣ ያለ ነው፤ ይቅርታ። ከኮቪድ በኋላ ቡና ሲቆላ ጎማ ሲቃጠል ነው የሚሸተኝ። ሽንኩርትም እንዲሁ። ጎረቤት ቡና ስጠራ አልሄድ ብዬ ሰው ተቀይሞኛል።

ሲስተር ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 8

ቡናና ሽንኩርት በብዛት የሚበላሹት ሽታዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ይመለስለታል። የሽታ ልምምድ አለ። ጽጌረዳ፣ ባህር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል አሽትቺ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለወራት። አራቱም አገር ቤት በቀላሉ ይገኛሉ። ለጎረቤቶችሽ ደግሞ በሽታ መሆኑን ንገሪያቸው።

እግረ መንገዴን፦ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ሰዎች ቡናውን ከሰሉ ውጭ ሲያያዝ፣ ዕጣኑ ሳይጨስ ጠጡት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ጤነኛ ሳንባም ይጎዳል።

የመሪጌታ ልጅ (ጎንደር)፣ ኅዳር 10

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ 58 ዓመታቸው ነው። ዓምና ኮቪድ በጽኑ ይዟቸው ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ደህና ናቸው። ማኅሌት ላይ ግን ችግር አለ። ድሮ ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ይዘልቁት ነበር፤ ሌሎቹ ሲያርፉ እሳቸው ይዘውት ይቆያሉ። አሁን መሀል ላይ ይቆረጥባቸዋል። መቋሚያውን ተደግፈው ዝም ይላሉ። ሰው ፊት ስለሆነ በጣም ያዝናሉ። «ዜማው ከደረቴ ወጣ» አሉኝ አንድ ቀን። ጸበል እየተጠመቁ ነው፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው እምቢ አላሉም ግን አልተነሡም። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ መቆም ይፈልጋሉ።

ፊዚዮቴራፒስት (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 10

የአባትህ ነገር ነካኝ። ለንደን ውስጥ የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ከኢምፔሪያል ኮሌጅ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የዘፈን ትንፋሽ ልምምድ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሙከራ 6 ሳምንት የተለማመዱት ትንፋሽ ማጠራቸው ቀሏል። አባትህ ያንን ትምህርት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው የተማሩት። ከሆድ መሳብን፣ ቀስ ብሎ መልቀቅን፣ ሐረግ መመጠንን ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ።

ቁጭ ብለው ይጀምሩ። ጠዋት፣ ሳይደክማቸው። ያጠረውን ሐረግ ይምረጡ፤ ትንፋሽ ሳይጨርሱ ያቁሙ። አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ይሁን፤ ሲስቡ እጁ ይነሣ እንጂ ትከሻቸው አይነሣ። ድምፁ ዝግ ያለ ይሁን። በማግስቱ ካልደከማቸው ጥቂት ይጨምሩ፤ ከደከማቸው ይቀንሱ። ተማሪዎቻቸው ካሉ አብረው ይበሉላቸው፤ እሳቸው ሲያርፉ ዜማው አይቋረጥም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ኅዳር 10

ጸበሉን አያቋርጡ፤ ከምርመራ ጋር አይጣላም። ብቻ ብርዱ ላይ እርጥብ ልብስ ለብሰው አይቆዩ፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አያቁሙት። በጽኑ ታመው ዓመት ከሆናቸውና አሁንም ትንፋሽ ከተቆረጠባቸው የእግር ጉዞው፣ ስፓይሮሜትሪውና የልብ አልትራሳውንዱ ያስፈልጋቸዋል። «ለጥምቀት መቆም እንዲችሉ እንመርምርዎት» በላቸው። የሚፈልጉትን ነገር ይዘህ ቅረባቸው።

የ4ኛ ፎቅ መምህርት፣ ታኅሣሥ 12

ቤተሰብ፣ ውጤት ይዤ መጣሁ።

ዶክተር የጻፉትን ስልኬ ላይ ይዤ ሄድኩ። «ስራመድ ለኩኝ» ስል አዲሷ ሐኪም እሺ አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ከ94 ወደ 87 ወረደ። ነርሷ ቁጥሩን ባለቤቴ እያየ ነው የጻፈችው። እሱ ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኑ የሱ ነው።

ለቲቢ ተመርምሬ የለብሽም ተባልኩ። ልቤ ደህና ነው። ሄሞግሎቢኔ ግን 10 ነጥብ 6 ሆኖ ተገኘ፤ የደም ማነስም አለብኝ። ስፓይሮሜትሪው ላይ የሳንባዬ መያዝ ከሚጠበቀው 71 በመቶ ነው፤ የአየር ቧንቧው መጥበብ የለውም። ሲቲ ስካኑ በሁለቱም ሳንባ ታችኛው ክፍል ጉም የመሰለ ጥላ አሳየ። ያ ሁሉ ኤክስሬዩ ላይ አልታየም ነበር።

አለቀስኩ። የደስታም የኀዘንም ነው፤ ቢያንስ ስም አገኘ። ከአሁን በኋላ ምን ልጠብቅ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ታኅሣሥ 12

እንኳን ታወቀ። ሁለት ምክንያት ተደራርቦብሻል፣ አንደኛው ቶሎ የሚስተካከል ነው። የአይረን ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂ፤ እንዳይገባ ያደርጉታል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ያግዛል። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ። የደሙ ማነስ ምክንያትም ይፈለግ፤ የወር አበባሽ ብዙ ከሆነ ንገሪያቸው።

ለጥላው ሐኪሟ ስቴሮይድ ለተወሰነ ጊዜ ልትሞክር ወይም ልትጠብቅ ትችላለች፤ ሁለቱም ልክ ነው። ከ3 ወር በኋላ ያንኑ የእግር ጉዞና ስፓይሮሜትሪ ድገሚ፤ ቢቻል እዚያው ቦታ፣ በዚያው መሣሪያ። ያለዚያ ማነጻጸር አይቻልም። ወረቀቶቹን አንድ ፋይል ውስጥ ያዢ። ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጠይቂ፤ ክፍልሽ ምድር ላይ ቢሆን ብዙ ይቀልሻል።

ጡረተኛው ሹፌር (አዳማ)፣ ታኅሣሥ 13

71 መጥፎ አይደለም ልጄ። የእኔ መጀመሪያ ሲለካ ከዚያ በታች ነበር። አሁን ከፍ ብሏል።

የመሪጌታ ልጅ (ጎንደር)፣ ታኅሣሥ 14

አባቴ ትናንት ተመርምረዋል። የልብ አልትራሳውንዳቸው ደህና ነው። ሲራመዱ ከ93 ወደ 90 ነው የወረደው። ቁጭ ብለው እየተለማመዱ ነው፤ አጭሩን ሐረግ ጨርሰዋል። ለጥምቀት ሌሊቱን ሙሉ መቆም አይሆንም ወይ? ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጣቸው ከበዓሉ በኋላ ስለሆነ እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት (አዲስ አበባ)፣ ታኅሣሥ 14

ሌሊቱን ሙሉ አይቁሙ። ከዋዜማው በፊት ያለውን ቀን ይተኙበት። ወንበር ከአጠገባቸው ይኑር፤ የሚመሩትን ብቻ ቆመው ይበሉ፣ የቀረውን ተቀምጠው። ከታቦቱ ጋር ሲወርዱ ለዳገቱ መመለሻ መኪና አዘጋጅላቸው። ጋቢ ደርብላቸው፤ ቀዝቃዛ አየር ያስላቸዋል። ኦክስጅን መለኪያውን ኪስህ ውስጥ ያዝ። ከ88 ከወረደና ተቀምጠው በጥቂት ደቂቃ ካልተመለሰ ቤት ግቡ፤ ካልተስተካከለ ሐኪም ቤት። ደግሞም ለሌሎቹ መሪጌታዎች አስቀድመህ ንገር፤ ሲያቆሙ ቦታቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር።